ጠጅቱ መብራት በጠፋበት ያሳየችው ፊልም

ጠጅቱ ዲሪርሳ እንግሊዝኛ አትችልም ነበር። ይህን እሷም አትደብቅም። የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ ቡራዩ ገበያ አጠገብ አክመል የሚባል ነጋዴ ቪዲዮ ቤት ስትቀጠር፣ ሥራዋ የቆርቆሮውን አዳራሽ መጥረግ፣ አግዳሚዎቹን መደርደርና በር ላይ ቆሞ ሰው ማስገባት ብቻ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ከሆለታ እስከ ሰበታ ድምጿን የማያውቅ ፊልም ወዳጅ ጠፋ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ከመናገሻ በኩል ድንችና ሽንኩርት ይዘው የሚወርዱ ገበሬዎች፣ ዕቃቸውን ሸጠው ሲያበቁ፣ ወደ አዳራሹ ጎራ ማለት ይወዱ ነበር። ከነሱ መካከል ኦቦ ኢተፋ የሚባሉ፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ሁልጊዜ ሁለተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ያን ቀን የሚታየው ፊልም ንግሥት፣ መስታወትና ከሞት አምልጣ ጫካ የገባች ልጅ ያለበት፣ ፈረስና ሰይፍ የበዛበት ነበር። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ኦቦ ኢተፋ ትዕግሥታቸው አለቀና፣

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ ሴትዮ? እናቷ ናት?» ብለው ጮኹ።

ከበሩ በኩል ጠጅቱ፣ «እናቷ አይደለችም፤ የእንጀራ እናቷ ናት። ልታስገድላት ነው» አለች።

አዳራሹ ዘወር ብሎ አያት። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ዓይኗን እዩት» አለች።

እውነቷን ነበር። የወንበዴና የፖሊስ ፊልም ሲመጣ ጠጅቱ እንደማንም ሰው ግራ ይገባት ነበር። በተረት ላይ የተሠራ ፊልም ሲመጣ ግን መንገዱን ታውቀዋለች። የእንጀራ እናት የትም አገር የእንጀራ እናት ናት። ጫካ ውስጥ የተጣሉ ልጆች፣ ሰው የሚበላ ጭራቅ፣ በሩን የሚያንኳኳ ተኩላ፣ ይህን ሁሉ በልጅነቷ ሰምታዋለች። ያስደነቃት ሌላ ነው። በሰማችው ተረት ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ትጠብቃለች፣ አንድ ሰው መጥቶ ያድናታል። በነዚህ ፊልሞች ላይ ግን ያቺው ልጅ ዕንባዋን ጠርጋ ቀስት ታነሳለች፣ ግንብ ትዘላለች፣ ጭራቁን እስከ ዋሻው ድረስ ታሳድዳለች። ጠጅቱ ይህን ስታይ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚሞቃት ለጓደኞቿ ትናገር ነበር።

አክመል ነጋዴ ነውና ነገሩ ቶሎ ገባው። ከአዲስ አበባ አንድ መዝገበ ቃላትና ማይክራፎን ገዝቶ መጣ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ታወሪልናለሽ» አላት።

«ጋሽ አክመል፣ ብሳሳትስ?»

«ማን ያውቅብሻል?»

እሷ ግን መሳሳት አትወድም። እያንዳንዱን ፊልም አዳራሹ ሳይከፈት በፊት ሦስት ጊዜ ታየዋለች፤ ደብተር ይዛ፣ እያቆመች፣ ቃል እየፈለገች። የማታገኘውን ከፊት ገጽታ ትገምታለች። ለሰዎቹም ስም ታወጣላቸው ነበር፤ ልዕልቷ ሊቤ፣ ልዑሉ ጋሮማ ይሆናሉ። ለተማሪዎቹ በአማርኛ ታወራና ለገበሬዎቹ ወደ ኦሮምኛ ትገለብጠዋለች። ፍቅሩን በአማርኛ፣ ፍርሃቱን በኦሮምኛ ትነግራለች ብለው ይቀልዱባት ነበር። በተለይ የጠንቋዮቹን ድምፅ ስታወጣ ማንም አይችላትም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ፣ ያንቋርር ነበር። ጠጅቱ ግን ጠንቋይዋን ልክ ልጇን እንደምታባብል እናት ለስለስ አድርጋ ታናግራታለች። «ነይ የኔ ልጅ፣ በልተሻል?» ስትል ትልልቅ ወንዶች ሳይቀሩ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።

ሥራዋን ያልወደደላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አባቷ። ኦቦ ዲሪርሳ መናገሻ አጠገብ የሚያርሱ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። «ሴት ልጅ ጨለማ ቤት ውስጥ ወንዶች መሀል ስትለፈልፍ ትውላለች» የሚል ወሬ ደረሳቸውና፣ ሥራውን ተዪ አሏት። አልተወችም። ከዚያ በኋላ ለበዓል እንኳን ስትሄድ ሰላምታዋን በአንገታቸው ተቀብለው ወደ በረት ይወጡ ነበር። ይህ ከዓመት በላይ ቆየ።

ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ገባ። ያ ዓመት በሰበታም በሱሉልታም በቡራዩም ወሬው ሁሉ ስለ አዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነበር። ከተማዋ ተስፋፍታ እርሻውን ልትውጠው ነው፤ የእገሌ መሬት ተለክቷል፤ የእገሌ ደጅ ላይ ችካል ተተክሏል ይባላል። ኅዳር ላይ ተማሪዎች ወጡ። ጎማ ተቃጠለ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ወታደር መጣ። አንድ ቀን ሱቅ ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። የሰው ልጅ ግን ታፍኖ አይኖርምና በተከፈተው ቀን ገበያውም አዳራሹም ይሞላ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ጸጥ ብሎ ነጋ። አክመል ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር አዳራሹ በጠጅቱ እጅ ነው። የአክመል ልጅ መብሩካም ከጎረቤት ሴቶች ጋር መጥታ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። አርባ የሚሆን ሰው አለ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ገበሬዎች ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ኦቦ ኢተፋ ቦታቸው ላይ ናቸው። ፊልሙን ያለፈው ቅዳሜ አይተውታል፤ ግን ወደውት ደግመው መጡ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ደሀ ሰው ነፍሰ ጡር ሚስቱ ጎመን አማራትና ከጠንቋይ ጓሮ ሲቆርጥ ተያዘ። ነፍሱን ሊያድን የሚወለደውን ልጅ ሊሰጣት ቃል ገባ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጠንቋይዋ ወስዳ በር የሌለው ግንብ ላይ ዘጋችባት። ልጅቱ አደገች፣ ፀጉሯም አብሯት አደገ። አንድ የንጉሥ ልጅ ድምፅዋን ሰምቶ በሹሩባዋ ተንጠላጥሎ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ተረቱ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ጠንቋይዋ ልጁን እሾህ ላይ ወርውራ ዓይኑን ስታጠፋው፣ ጠጅቱ ሊቤ ያለቻት ልጅ ሹሩባዋን በገዛ እጇ ቆርጣ፣ መስኮቱ ላይ አስራ ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ዓይነ ስውሩን ልጅ ከፊቷ ፈረስ ላይ አስቀምጣ፣ የተቆረጠውን ሹሩባ እንደ ጅራፍ እያጮኸች፣ ከጠንቋይዋ ጦር ጋር በገደልና በድልድይ ላይ ትዋጋለች።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ውጭ ተኩስ ተሰማ።

መጀመሪያ ከፊልሙ የመጣ መስሏቸው ነበር። ሁለተኛው ሲሰማ ግን ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሦስተኛው ቅርብ ነበር፤ ተከትሎም የሚሮጡ እግሮች፣ የሚዘጉ በሮች፣ ጩኸት። አስለቃሽ ጭሱ በቆርቆሮው ሥር እየተሳበ ገባ። ሰዉ ወደ በሩ ተንጋጋ። ጠጅቱ ቀድማ በሩ ላይ ደረሰችና ጀርባዋን ሰጠችው።

«አትውጡ! ውጭው ይብሳል። ተቀመጡ። ታኣ፣ ታኣ! ልጆቹን ወደ መሀል!»

ኦቦ ኢተፋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጅቷ ያለችውን ስሙ» አሉና እሳቸው ቀድመው ተቀመጡ። ሽማግሌ ሲቀመጥ የቆመው አፈረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን በውኃ አርሰው ለልጆቹ አፍንጫ ሰጡ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ከሚገባው የቀትር ፀሐይ በቀር ብርሃን የለም። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፣ ሌላውም ተቀበለው። አንዲት ሴት ውጭ ስለቀረው ባሏ እየጮኸች ደረቷን ትመታለች።

ጠጅቱ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። አንድ የምታውቀው ነገር ቢኖር አርባ ሰው ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ተኩስ ካዳመጠ፣ አንዱ ተነስቶ በሩን እንደሚገነጥል ነው። ስለዚህ አፏን ከፈተች።

«ድልድዩ ላይ ነበርን» አለች። «ሊቤ ልጓሙን ሳበች። ድልድዩ ከእንጨት ነው፤ ግማሹ በስብሷል። ከኋላዋ ፈረሰኞቹ ይመጣሉ። ልጁ አያይም፤ ‹ምንድን ነው የሚሰማኝ?› ይላታል። ምን አለችው?»

ከጥግ የአንድ ልጅ ድምፅ፣ «‹ነፋስ ነው› አለችው» አለ።

«‹ነፋስ ነው› አለችው። ‹አጥብቀህ ያዘኝ› አለችው።»

እየቆየ ለቅሶው ቀነሰ። ጠጅቱ ወደ ኦሮምኛ ገባች፣ ወደ አማርኛ ወጣች። ፈረሱ ሲረግጥ አግዳሚውን በመዳፏ ትመታለች። ጠንቋይዋ ስትመጣ ያንን ለስላሳ ድምፅ ታወጣለች። ስትጠይቅ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ያ የአንድ ድምፅ መልስ ነው ጣጣ ያመጣው። በውጭ ለሚያልፍ ወታደር፣ በተዘጋ በር ውስጥ አንዲት ሴት በኦሮምኛ ስትናገርና ሕዝብ ተባብሮ ሲመልስ ምን ሊመስለው ይችላል?

በሩ በእርግጫ ተከፈተ። አንድ መኮንንና አራት ወታደሮች ገቡ፤ መሣሪያቸው ተደግኗል።

«ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምትሰበሰቡት?» አለ መኮንኑ። «ማን ነው የሚናገረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጠጅቱ። «ስብሰባ አይደለም። ፊልም ነው።»

መኮንኑ ባትሪውን በጠቆረው ቴሌቪዥን ላይ አበራ። «የቱ ጋ ነው ፊልሙ?»

«መብራት ሄደ። ቀሪውን እየነገርኳቸው ነው።»

«በዚህ ሁሉ ተኩስ ተረት ታወሪያለሽ?»

«በዚህ ሁሉ ተኩስ ታዲያ ምን ላድርጋቸው?» አለች። ልትደፍረው ብላ አልነበረም፤ ከልቧ መጠየቋ ነበር።

መኮንኑ ሞኝ ሰው አልነበረም። ወደ ኦቦ ኢተፋ ዞረ። «ተነስ ሽማግሌ። ምን እየነገረቻችሁ ነበር?»

ኦቦ ኢተፋ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ። «ልጁ ዓይኑ ጠፍቷል። ልጅቱ ይዛው ድልድዩ ላይ ናት። አሮጊቷ ደርሳባታለች» አሉ።

መኮንኑ መብሩካን በጣቱ ጠርቶ ደጅ አወጣትና ለብቻዋ ጠየቃት። መብሩካ፣ «ፀጉሯን ቆርጣለች፤ በሱ ነው የምትገርፋቸው። ድልድዩ ሊሰበር ነው» አለችው። ተመልሶ ገባና ልጅ ያቀፈች አንዲት ሴት ጠየቀ። እሷም ያንኑ አለች። ከወታደሮቹ አንዱ፣ ጢሙ ሸበት ያለ፣ ሳቁን ሊያፍን ፊቱን አዞረ።

መኮንኑ አግዳሚ ስቦ ተቀመጠ። «ጨርሺው» አላት። «በአማርኛ።»

ጠጅቱ ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋለች። በተከፈተው በር በኩል ተኩሱ አሁንም ይሰማል፤ ግን እየራቀ ነው። አሁን ጨርሳ ሰዎቹ ቢወጡ ቀጥታ እሳቱ ውስጥ ይገባሉ። ፊልሙ ሊያልቅ የቀረው አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ አይበቃም።

ስለዚህ ድልድዩን አሻገረቻቸውና፣ ከፊታቸው ሌላ ድልድይ አኖረች።

ኦቦ ኢተፋ ቀና አሉ። ፊልሙ ላይ ያለው ድልድይ አንድ ብቻ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ አይተውታል። ጠጅቱን አዩዋት፣ መኮንኑን አዩት፣ የተከፈተውን በር አዩት። ከዚያም በጣም የቆየ ትዝታ እንደመጣበት ሰው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «እ… ይሄ ሁለተኛው ድልድይ ከሁሉም ይከፋል» አሉ።

ጠጅቱ ሁለተኛው ድልድይ ላይ ሦስት ወንድማማች ጭራቆች አቆመች። ከጭራቆቹ በኋላ የሚናገር ወንዝ አመጣች። ከወንዙ ማዶ ሊቤ ከመወለዷ በፊት አባቷ ጎመን የቆረጠበትን ጓሮ አገኘችው፤ ፈረሷን አሳረፈች፣ ውኃ አጠጣች። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ፈጥራ አታውቅም ነበር። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ሻክሯል፣ ቃል ግን አላጣችም። መሣሪያቸውን ወድረው የገቡት ወታደሮች ቀስ በቀስ አፈሙዛቸውን ወደ መሬት አወረዱ። ሸበቶው ግድግዳውን ተደገፈ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ሄደ። በመጨረሻ ውጭው ጭር ሲል፣ የሚንኳኳ በርና ልጆቻቸውን የሚጠሩ እናቶች ድምፅ ብቻ ሲሰማ፣ ጠጅቱ የሊቤን ዕንባ በዓይነ ስውሩ በጋሮማ ዓይን ላይ አንጠባጠበችና አበራችለት። «አበቃ» አለች።

ማንም አላጨበጨበም። መኮንኑ ተነሳ። «ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ እጃችሁን እያሳያችሁ ውጡ። በቀጥታ ወደ ቤት» አለ። ከዚያም ወደ ጠጅቱ፣ «አንቺ ትቀሪያለሽ።»

ኦቦ ኢተፋ አልወጣም ብለው ቆሙ። «እኔን ውሰዱኝ» አሉ። ጠጅቱ እጃቸውን ይዛ፣ «ኦቦ ኢተፋ፣ እነዚህን እናቶች ማን ያደርሳቸዋል? ይሂዱ እባክዎ» አለቻቸው። አርባው ሰው ወጣ። ያን ቀን በከተማው ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ አዳራሽ የወጡት ግን አንድም ሰው ሳይጎድል ገቡ።

ጠጅቱን የጭነት መኪና ላይ አሳፈሯት። መንገድ ላይ ሸበቶው ወታደር ዝቅ ብሎ፣ «አሮጊቷ ግን ሞተች ወይስ አመለጠች? አልነገርሽንም» አላት።

«ፊልሙ ላይ ትሞታለች» አለችው። «ዛሬ ግን መግደል አስጠላኝ።»

ሰውየው ውኃ መያዣውን አቀበላት።

አሥራ ሰባት ቀን ታሰረች። ክስ አልቀረበባትም፤ ማን እንዳስተማራት፣ ማን እንደላካት፣ ጭራቁ ማንን እንደሚወክል ደጋግመው ጠየቋት። «ጭራቅ ጭራቅ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም። በታሰረችባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የነበሩት አሥራ አንድ ሴቶች ማን መሆኗን ሲያውቁ እንድታወራላቸው ለመኗት፤ የምታውቃቸውን ፊልሞች ሁሉ ጨርሳ ወደ ራሷ ፈጠራ ገባች።

የተለቀቀች ቀን የእስር ቤቱ በር ላይ አባቷ ቆመው አገኘቻቸው። ከንጋት ጀምረው ነበር የቆሙት። ሁለት ጊዜ ግንባሯን ሳሟትና ወደ መናገሻ መንገድ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ አንድ ግራር ሥር ቆም አሉና፣

«ያን የታሰርሽበትን ፊልም ንገሪኝ» አሏት።

ጠጅቱ በኦሮምኛ፣ ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው። ጎመኑን፣ ጠንቋይዋን፣ ግንቡን ነገረቻቸው። አባቷ ሲያዳምጡ ከቆዩ በኋላ፣ «አባትየው መጥፎ ሰው ነበር» አሉ። «ልጁን ሰጠ።»

«ፈርቶ ነው አባባ።»

«ፈርቶም ቢሆን» አሉና መንገዱን ቀጠሉ። ከዚያም፣ «ከግንቡ ስትወርድ ግን ጎበዝ ናት። ቀጥዪ» አሏት። ቤት ሲደርሱ ታሪኩ ስላላለቀ ደጃፉ ላይ ቆመው ጨረሱት።

ጥር ላይ ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ሁከቱ ግን በዚያው አላበቃም። የአክመል አዳራሽም ዳግመኛ ለፊልም አልተከፈተም፤ የሞባይል መሸጫ ሆነ። ጠጅቱ ለሁለት ዓመት ያህል አባቷን በእርሻ አገዘች። ነገሮች ረገብ ሲሉ፣ ሰበታ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ለጥፎ ድምፅ የሚቀዳ ሶያማ የሚባል ሰው ፈልጎ አገኛት። ፊልም በኦሮምኛና በአማርኛ ተርጉሞ በፍላሽ ለማከፋፈል አስቦ ነበር። የመጀመሪያውን ሥራ ሲቀዱ አንዱን ትዕይንት አሥራ አራት ጊዜ አስደገመችው። በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ።

ዛሬ ፊልሞቻቸው በሱሉልታ አውቶቡሶች ውስጥ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች፣ ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት ሁሉ ይታያሉ። ስሟ ሽፋኑ ላይ በትናንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። ሰሞኑን የሰባቱን የፍየል ግልገሎችና የተኩላውን ታሪክ ጦርነት አድርጎ የሠራ ፊልም ይዘዋል። ሶያማ ተኩላው ይጮህ ይላል፤ እሷ ደግሞ ተኩላ ሲርበው አይጮህም፣ ይለማመጣል ትላለች። ትናንት እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ፣ ሁለቱንም ቀድተው አዳመጡ፣ ሶያማም ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «በይ እንደ አንቺው ይሁን፤ አሁን እንብላ» አለ።